ጎርፍ ወደ ገባበት ቤት ከመመለስዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ጅቡቲ ከተማ ዓመቱን ሙሉ የምታገኘው ዝናብ 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ሲመጣ ለብቻው 110 ሚሊ ሜትር ያህል አፈሰሰባት። ዓመት ተመንፈቅ ቆይቶ፣ ኅዳር 2012 ደግሞ የሁለት ዓመት ዝናብ በአንድ ቀን ወረደ ተባለ፤ እስከ 250,000 ሰው መጎዳቱን መንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት አስታወቁ። ከተማዋ ላይ ጎርፍ ሲመጣ ኢትዮጵያዊውም አብሮ ይመታል፤ ሾፌሩ፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ባልባላ ሰፈር ውስጥ ቆርቆሮ ቤት የተከራየው የቀን ሠራተኛ። ውሃው ሲጎድል የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ ወደ ቤቴ ልመለስ ወይስ ሌላ ልፈልግ? እኔ የምለው፣ በመጀመሪያው ቀን አይወስኑ። ቀጥሎ ያሉትን ያጣሩ።

መብራቱ ከየት ነው የሚመጣው? ቤትዎ የራሱ ቆጣሪ ካለው ያጥፉት። ሽቦው ከጎረቤት የተሳበ ከሆነ ግን የእርስዎን ማብሪያ ማጥፋት ብቻውን አያድንዎትም፤ ጎረቤትዎ ከቆጣሪው ማጥፋት አለበት። ቆርቆሮ ቤት ላይ የተላጠ ሽቦ ካረፈ ግድግዳው በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። በሩን ከመንካትዎ በፊት መብራቱ መጥፋቱን ያረጋግጡ። ውሃ የገባበትን ፍሪጅና ቬንቲላተር ባለሙያ ከፍቶ ሳያየው አይሰኩ። ሰው ቤት ለምትሠሩ እህቶቼም አንድ ቃል አለኝ፦ ጎርፍ የገባበትን ቤት እንድታጸዱ መጀመሪያ የምትላኩት እናንተ ናችሁ። ውሃ ላይ ቆማችሁ ሶኬትም ሆነ የተሰካ ዕቃ አትንኩ። መብራቱ ይጥፋልኝ ማለት ድፍረት አይደለም፤ መብታችሁ ነው።

የሚጠጡት ውሃ ንጹሕ ነው? ጎርፍ የመጸዳጃ ጉድጓድን ከቧንቧ ውሃ ጋር ያገናኛል፤ ስለዚህ ቧንቧው ቢመጣም አፍልተው ይጠጡ። ማፍያ ከሌለ ሽታ ያልተጨመረበት፣ 5 በመቶ ገደማ የሆነ በረኪና ይሠራል፦ ለ20 ሊትር ጄሪካን 2 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ያነሰ። ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ውሃው ከደፈረሰ በንጹሕ ነጠላ አጥልለው በረኪናውን እጥፍ ያድርጉት። ናፍጣ ወይም ቤንዚን የሸተተውን ውሃ ግን ምንም አያድነውም፤ ይድፉት።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘነጋው ልምጣ። ጎርፉ ካለፈ በኋላ ሰው ውሃ እንዳያጣ ይፈራና በርሜሉን ሁሉ ይሞላል፣ ክዳን የለውም። ወባ ደግሞ የገጠር በሽታ ነው ብለን ነው ያደግነው። ጅቡቲ ውስጥ ይህ አይሠራም። አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የምትባለው የእስያ ትንኝ አፍሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እዚሁ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2012። ከሌሎቹ የወባ ትንኞች የምትለየው ከተማ ውስጥ፣ በበርሜልና በታንከር ባለ ንጹሕ ውሃ በመራባቷ ነው። በዚያ ዓመት አገሪቱ የመዘገበችው የወባ ሕመምተኛ 27 ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከ73,000 አለፈ። ድሬዳዋም በ2014 ዓ.ም. በዚህችው ትንኝ ታምሳለች። ስለዚህ በርሜሉን በደንብ ይክደኑ፤ ክዳን ከሌለው ጨርቅ ወጥረው በገመድ ይሰሩት። በሳምንት አንድ ጊዜ ገልብጠው ግድግዳውን ይፈትጉ። ግቢ ውስጥ የወደቀ ጎማና ጣሳ ውሃ ይዞ እንዳይከርም ያንሱት። ትኩሳት ከያዘዎ ደም ይመርመሩ። ሾፌር ከሆኑና አዳማ ወይም አዲስ አበባ ደርሰው ካመመዎ፣ ከጅቡቲ መምጣትዎን ለሐኪሙ ሳይጠየቁ ይንገሩ።

ፓስፖርት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ውሃ ከወሰደው መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ አመልክተው ማስረጃ ይያዙ፤ ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ ኤምባሲ ይሂዱ። ወደ አገር መመለስ የሚፈልግ ሰው ስለ ሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ፋንታ ለመመለሻ የሚሰጥ ሰነድ) እዚያው ይጠይቅ፤ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅትም ጅቡቲ ውስጥ በፈቃዳቸው የሚመለሱትን ይረዳል። ወረቀት የሌላችሁም ብትሆኑ እርዳታ ሲመዘገብ አትሸሸጉ።

በመጨረሻ ቤቱን ራሱን ይዩት። ግድግዳው ላይ ጭቃው የተወው መስመር አለ፤ በእጅዎ ይለኩት፤ ከጉልበት በላይ ነው ወይስ በታች? ከሥሩ ሌላ የቆየ መስመር ካለ ውሃው ልማደኛ ነው ማለት ነው። ባለቤቱን ሳይሆን ጎረቤቱን ይጠይቁ፦ በሳጋር ጊዜ የት ደረሰ? በኅዳር 2012 ዓ.ም. ጎርፍስ? ሁለቱንም ጊዜ ገብቶ ከሆነ የቅድሚያ ኪራይ አይክፈሉ። አልጋዎንና ሰነድዎን ከፍ አድርገው የሚያስቀምጡበት ቦታ ካለና መስመሩ ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ደርቆ ከተጸዳ በኋላ መመለስ ይቻላል።

የአምቡሊ ወንዝ ዳር ያለ ቤት ግን በምንም ዋጋ አይከራዩ። አሸዋው ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ስለሆነ መንገድ ይመስላል፣ ኪራዩም ይረክሳል። ሚያዝያ 1996 ዓ.ም. ያ ደረቅ አሸዋ በድንገት ሞልቶ ከ50 የማያንሱ ሰዎችን ገድሏል። አሁን እዚያ የሚኖሩ ከሆነ ዕቃዎን ዛሬውኑ አውጥተው ከፍ ወዳለው ሰፈር ይውጡ።