የልጅ ትኩሳትና የጓሮው በርሜል

በእርሻ ጽሑፍ ላይ የሕፃን ሕመም መነሣቱ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በድሬዳዋና በዙሪያዋ ለችግኝና ለከብት ውሃ የሚጠራቀምበት ዕቃ ለልጆች ትኩሳት አንዱ መነሻ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ነገሩ ገበሬውን በቀጥታ ይመለከተዋል።

ትኩሳት ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም፤ የበሽታ ምልክት ነው። በብብት ተለክቶ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ልጁ አተኩሷል ይባላል። መንሥኤው ብዙ ነው፤ የሳንባ ምች፣ የጆሮ ሕመም፣ ኩፍኝ፣ ወባ። «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ወይም «ምች መታው» ብሎ ዳማ ከሴ አሽቶ ማሳደር የተለመደ ነው። ሆኖም የወባን ትኩሳት ከሌላው የሚለየው የደም ምርመራ እንጂ የእጅ መዳሰስ አይደለም።

ቀድሞ ወባ የሚጠበቀው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነበር። ደቻቱ ደርቆ አሸዋው ብቻ ሲቀር ወባን የሚጠረጥር ጥቂት ነው። በ2014 ዓ.ም. ግን በደረቁ ወራት በድሬዳዋ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። ሲመረመር በብዛት የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል፣ ከእስያ የመጣች ትንኝ ናት። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየችው በ2009 ዓ.ም. በቀብሪ ደሃር ነበር። ይህች ትንኝ ረግረግ ሳትጠብቅ በበርሜል፣ በሲሚንቶ ገንዳና በሮቶ ውሃ ትራባለች። ውሃ በሚቆራረጥበት አገር ማጠራቀሙ ግድ ነውና ገበሬውን መንቀፍ አይገባም፤ ክዳን ማበጀት ግን ይቻላል።

ዕንቁላሉ በሙቀት ጊዜ በአንድ ሳምንት ገደማ በራሪ ትንኝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዕቃውን በየሳምንቱ ማጋባትና የውስጡን ግድግዳ በብሩሽ መፈግፈግ ያስፈልጋል፤ የተደፋውም ውሃ ለችግኙ ይሁን። መፈግፈጉ ችላ አይባል፤ በ2006 ዓ.ም. ድሬዳዋን የመታውን ደንጊ የምታስተላልፈው ሌላዋ ትንኝ ዕንቁላሏን ከግድግዳው ላይ ታጣብቃለች፣ ውሃው ቢደርቅም ቶሎ አይሞትም። ሊገለበጥ የማይችለው ገንዳ በክዳን ወይም በጥቅጥቅ ወንፊት ይሸፈን። የልማት ሠራተኛው ለጉብኝት በሄደ ጊዜ ወደ በርሜሉ ጎንበስ ይበል፤ የወባ ትንኝ ትል ከውሃው ገጽ ሥር ተጋድሞ ይታያል፣ የሌሎቹ ግን ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጎ ይንጠለጠላል።

ልጅ ሲያተኩስ፣ በጋም ቢሆን፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ይወሰድ። ጡት ወይም ውሃ እንቢ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ ወይም ከሁለት ወር በታች ከሆነ ሌሊትም ቢሆን አይጠበቅም። ከጎረቤት የተረፈ ክኒን አይሰጠው፤ በተለይ አስፕሪን በደንጊ ጊዜ ደም ሊያፈስ ይችላል። ስቴፈንሲ በከብት በረት ውስጥም አርፋ ስለ ተገኘች፣ ልጆች ከበረቱ ራቅ ብለው በአጎበር ውስጥ ይተኙ።