ጉሊቷ ፊት ቆሞ መምረጥ

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የቲማቲም ዋጋ የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ ፊቱን አኮማትሮ ያልፋል። መወደዱ ሳያንስ የቀረበውም ውሃ የቋጠረ፣ ጎኑ የጠቆረ ነው። ሰዉ ነጋዴዋን ይወቅሳል፤ ምክንያቱ ግን በአብዛኛው ያለው ማሳው ላይ ነው። ቲማቲምና ቀይ ሽንኩርት በብዛት የሚመጡት እንደ መቂና ዝዋይ ካሉ የመስኖ ቦታዎች ሲሆን ሁለቱም ፀሐይ ይወዳሉ። ዝናብ ሲደጋገም ቲማቲሙን የፈንገስ በሽታ ያጠቃዋል፣ ሽንኩርቱም እርጥብ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። እዚያው ጉሊት ላይ ግን፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ዝናብ ያሳደገው የሐበሻ ጎመን በእስር በእስር ተደርድሯል። ወቅትን ተከትሎ ማብሰል ማለት ከዚህ መጀመር ነው። የሚሠራው ወጥ የሚወሰነው ቤት ሳይሆን ጉሊቷ ፊት ይሁን።

የክረምት ጎመን ቅጠሉ ለጋ ነው። የበጋውን ያህል ከቀቀልነው ጣዕሙ ከውሃው ጋር ይደፋል። ጭቃ በቅጠሉ እጥፋት ውስጥ ስለሚደበቅ ደጋግሞ ማጠብ፣ ደቀቅ አድርጎ መክተፍ፣ ከዚያ ጥቂት ሽንኩርትና ዘይት ላይ ጥሎ በራሱ ውሃ እንዲበስል ከድኖ መተው ይበቃል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ ወደ መጨረሻው ይግቡ፣ ቃሪያው ድስቱ ሲወርድ። ሽንኩርት በተወደደበት ወር ብዙ ሽንኩርት የማይፈጅ ምግብ መሆኑን ልብ በሉ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለው የፍልሰታ ጾም በጎመኑ ወራት መዋሉም ለጿሚ ቤት እፎይታ ነው።

ከዓመቱ ሁሉ የምናፍቀው ግን እሸት የሚደርስበትን ጊዜ ነው። በቆሎ እሸት የሚጣፍጠው ፍሬው ውስጥ ስኳር ስላለ ነው። ከአገዳው ከተቆረጠ በኋላ ያ ስኳር ወደ ስታርች መለወጥ ይጀምራል፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ከጓሮ ተቆርጦ ወዲያው ፍም ላይ የዋለ በቆሎ ማር ማር ሲል፣ መንገድ ላይ ቀናት የከረመው አፍ ውስጥ ዱቄት የሚሆነው ለዚህ ነው። ስትገዙ ልባሱ ያልተገፈፈውን ምረጡ። ከጫፉ ገለጥ አድርጋችሁ አንዷን ፍሬ በጥፍር ጫን በሉ፤ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ከወጣ ደርሷል፣ ውሃ ብቻ ከሆነ ገና ነው፣ ምንም ካልወጣ ጠንክሯልና ለንፍሮ ይሁን። ያንኑ ዕለት ካልበላችሁት ከነልባሱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደር።

በመስከረምና በጥቅምት የደጋው ባቄላ እሸት ይከተላል። አብዛኞቻችን ጥሬውን ፈልፍለን ወይም ጠብሰን እንበላና እናበቃለን። እኔ ግን አንድ ጊዜ አልጫውን ሞክሩት እላለሁ፦ የፍሬውን ቆዳ ገፍፎ በእርድ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ማብሰል። መዘፍዘፍ የለበትም፣ ቶሎ ይበስላል፣ ቀለሙም ከእርዱ ጋር ሲታይ ያስጎመጃል። የሽምብራ እሸት ደግሞ ዘግየት ይላል። ሽምብራ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ጥቁር መረሬ አፈር ላይ ተዘርቶ አፈሩ በያዘው እርጥበት የሚያድግ ስለሆነ፣ ከነግንዱ ታስሮ ገበያ የሚወጣው ሌላው እሸት ካለፈ በኋላ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ በጎመን ፈንታ የምትገዙት ኮላርድም ወቅት አለው፤ ውርጭ ካገኘው በኋላ ይጣፍጣል። በኅዳር የቀመሳችሁት በሐምሌ ከቀመሳችሁት ቢለይባችሁ ባለሙያነታችሁን አትጠራጠሩ።

በጋ የማድረቂያ ጊዜ ነው። ቀይ በርበሬ ገበያውን ሲሞላ እናቶቻችን በርበሬ ለመቀንጠስ ጎረቤት የሚጠሩት፣ ሽምብራና አተር ለቅመው፣ አምሰውና ከክተው ለሽሮ የሚያዘጋጁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሻጋታ እርጥበት ይፈልጋል፤ የበጋ ፀሐይ እርጥበቱን ካወጣችው የተፈጨው ክረምቱን ይሻገራል። በዚህ ላይ አንድ የዘመናችንን ሥራ ብንጨምር መልካም ነው። ቲማቲም በረከሰ ጊዜ ብዙ ገዝቶ፣ ከትፎ፣ ውሃው እስኪመጥ በዝግታ አብስሎ፣ ሲቀዘቅዝ በትንንሽ ዕቃ እየከፈሉ ፍሪዘር ውስጥ ማኖር። የነሐሴውን ጭንቀት የሚያቃልለው ይህ ድልህ ነው።

55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾምም በአብዛኛው ዝናብ ያሳደገው ቅጠል በሚጠፋበት ወራት ይውላል። የጾሙን ማዕድ ልብ ብሎ ላየ፣ ብዙው ከደረቅ እህል የተሠራ ነው፦ የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ በሱፍ ወተት ተንተክትኮ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት የገባበት የባቄላ ስልጆ። ስልጆ ተብላልቶ ስለሚኮመጥጥ የአትክልትን መጥፋት ያስረሳል፤ በዘመናችን ከብዙ ቤት መጥፋቱ ያሳዝነኛል።

ከዚያ ማንጎው ይመጣል፣ በልግ ካለም ድንቹ፤ እነሱ ብዙ ትምህርት አይፈልጉም። ሰኔ ሳይገባ ግን የበርበሬውንና የሽሮውን ዕቃ ከፍታችሁ አሽትቱ። እፍን ያለ ሽታ ካለው ወይም የሻገተ ካያችሁ ጣሉት፤ ፀሐይ የሻገተን አትመልስም። ደህና ሽታ ኖሮት ትንሽ ረጠብ ያለ ከመሰላችሁ ግን፣ ዝናቡ ሳይበረታ አንድ ጥሩ ፀሐይ ያለው ቀን ፈልጉና ሰፌድ ላይ አሳስታችሁ አስጡት።