ፕሮሰሰር ሲበዛ ሥራ ይፈጥናልን?

በወላይታ ዲምቱ ከተማ ብዙ ወፍጮዎችና አንድ ሚዛን ብቻ ያሉት ወፍጮ ቤት አለ እንበል። የእያንዳንዱ ወፍጮ ሠራተኛ የደንበኛውን እህል 1 ደቂቃ መዝኖ 9 ደቂቃ ቢፈጭ፣ 10 ወፍጮዎች ሚዛኑን ያለ ዕረፍት ያሠሩታል፤ 11ኛው የሚጨምረው ወረፋ ብቻ ነው።

የስርዓተ ክወና እምብርት የሆነውን ከርነልም ይኸው ችግር ይገጥመዋል። የሊኑክስ ከርነል ከአንድ በላይ ፕሮሰሰር ማሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ቅጽ 2.0 ነበር። ሁለት ፕሮሰሰሮች አንድን መረጃ በአንድ ጊዜ ለውጠው እንዳያበላሹት ከርነሉ በአንድ መቆለፊያ ተጠበቀ፤ አንዱ ሲገባ ሌሎቹ ደጅ ይጠብቁ ነበር። ባለሙያዎች ለየመረጃው የየራሱን መቆለፊያ እያበጁ፣ ታላቁን መቆለፊያ በ2011 ፈጽመው አስወገዱት።

እንግዲህ ወፍጮ ከመጨመራችን በፊት ሚዛኑን እንመልከት።