የመጀመሪያዪቱ ሰዓት የሕፃኑ ድርሻ ናት



ሕፃን በተወለደበት ቤት እልልታው ሳይበርድ ለአራሷ ገንፎ ይሰናዳል፤ ጎረቤትም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት ይጎርፋል። በዚህ ሁሉ ደስታ መካከል ግን ሕፃኑ ጡት ሳይቀርብለት ስንት ሰዓት እንደ ቆየ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን።

የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲጠባ ይመክራል። በመጀመሪያ የሚወጣው ወፍራምና ቢጫማ እንገር፣ መጠኑ ጥቂት ቢሆንም በሽታን የመከላከል ኃይል አለው። የሕፃኑ መጥባትም የእናቲቱ ማሕፀን እንዲኮማተርና የደም መፍሰሱ እንዲቀንስ ይረዳል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ከ100 ሕፃናት 73ቱ በመጀመሪያዪቱ ሰዓት ጠብተዋል። ታዲያ የቀሩትን የሚያዘገያቸው ምንድን ነው?

አንደኛው ልማድ ነው። በአንዳንድ አካባቢ እንገር እንደ ቆሻሻ ተቈጥሮ ይደፋል፤ በምትኩም ሕፃኑ ቅቤ እንዲውጥ ይደረጋል ወይም ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ይሰጠዋል። በዚህም የመጥባት ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ለተቅማጥም ይጋለጣል።

ሁለተኛው የአወላለዱ ሁኔታ ነው። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ከማደንዘዣውና ከቁስሉ ሕመም የተነሣ ልትዘገይ ትችላለች። ይሁን እንጂ ሕፃኑን አቅፎ የሚያቀርብላት ረዳት ካገኘች፣ እንደ ነቃች ማጥባት አይሳናትም።

ሦስተኛው የእናትና የልጅ መለያየት ነው። ሕፃኑን ለማጠብ መቸኰል አያስፈልግም፤ እጥበቱ እስከ 24 ሰዓት ቢቆይ ይመረጣል። ጤነኛ ሕፃን ገላው ደርቆ በእናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳው ከቆዳዋ ተገናኝቶ ቢተኛ፣ ራሱ ጡቱን ይፈልጋል።

አራተኛው የምክር ማነስ ነው። በእርግዝናዋ ወራት ክትትል ያላደረገች እናት ይህን ሁሉ የሚነግራት አታገኝም።

እንግዲህ እናቲቱን ብቻ መውቀስ አይገባንም። በምጥ የደከመች ሴት ውሳኔው ብዙ ጊዜ በእጇ አይደለም፤ በእናቷ፣ በአማቷ ወይም በአዋላጇ እጅ ነው። ስለዚህ ምክራችን ለባልና ለአያቶችም ይድረስ።

ጊዜውንም እናስተውል። ወላጆች ልጃቸውን ለጥምቀት ይዘው ሲመጡ ብንነግራቸው፣ ያቺ ሰዓት አልፋለች። ነፍሰ ጡር ያለችበትን ቤት ስንጎበኝ፣ ተጋቢዎችንም ስናስተምር፣ ይህን ነገር አስቀድመን እናንሣ። ቅቤው ለገንፎው ይቆይ፤ ለሕፃኑ ግን የእናቱ እንገር ይበቃዋል።