የሌላውን ልጅ በአደባባይ ማን ይቅጣ?



ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ሰው በተሰበሰበበትና ጨዋታ በሚታይበት ቦታ አንድ ልጅ ሲያስቸግር፣ ወላጁ ያልሆነ፣ ስሙን እንኳ የማያውቅ ሰው ተነስቶ ሊቀጣው ይገባል ወይ? ይህ ጥያቄ አሶሳ ላይ ሁለት ቤተሰብ ሽማግሌ ፊት ሲያስቀምጥ ስላየሁ ነው ብዕሬን ያነሳሁት።

ሠርግ ነበር፤ ዙምባራ ይነፋል። ዙምባራ የበርታ ሕዝብ ከቅል የሚሠራው ረጅም መለከት ነው። አንዱ መለከት የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ዜማ የሚሆነው ነፊዎቹ ሁሉ በየተራቸው፣ ሳይቀድሙና ሳይዘገዩ ሲነፉ ነው። አንዱ ከተደናቀፈ የሁሉም ይበላሻል። (ስለ ሙዚቃ መሣሪያ ሸሪዓዊ ብይን የሚነሳው ክርክር የታወቀ ነው፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።) ስምንት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ በነፊዎቹ መካከል እየሮጠ የመለከቱን ጫፍ ይጎትታል። መጀመሪያ ተሳቀ። ሁለተኛ ጊዜ ነፊው ተደናቀፈ። በሦስተኛው ቅሉ ተሰነጠቀ። ይህን ጊዜ አጠገቤ የቆሙ አዛውንት በከዘራቸው እግሩን መቱት።

እናትየዋ እየጮኸች መጣች። በቅርቡ ከሱዳን በኩርሙክ በኩል የገባች ሴት ናት፤ የምትናገረውም በዐረብኛ ነው። አዛውንቱ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸውና በአማርኛ «እንደ ልጄ ነው የመታሁት» ይላሉ። ሁለቱ አልተግባቡም፤ ወንድሞቿ መጡ፣ የእሳቸውም ልጆች መጡ። ጨዋታው ቆመ። የልጁ ረብሻ ያላስቆመውን ሠርግ ከዘራው አስቆመው ማለት ነው። በማግስቱ ሽማግሌዎች የልጁ ቤተሰብ ለተሰነጠቀው ቅል እንዲክስ፣ አዛውንቱም እናትየዋን አፉ በይኝ እንዲሏት ፈረዱ። ፍርዱን የተቀበሉት ሁሉም አልነበሩም። «ሳይቀጡት ያደገ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል ይባል የለም ወይ! ጥፋተኛው ሌላ፣ አፉ ባዩ ሌላ» ያሉ ብዙ ናቸው።

እኔ ፍርዱን ደግፌአለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

አዛውንቱ «እንደ ልጄ» ሲሉ አልዋሹም። በ1977 እና 1978 ዓ.ል ከወሎ ወደ አሶሳ የመጡት ሰዎች አብረው ተርበው፣ አብረው ቤት ሠርተው፣ ልጆቻቸውን አብረው ነው ያሳደጉት። በዚያ ዓይነት መንደር ጎረቤት ልጅን በኩርኩም ቢለው፣ ያው ልጅ ማታ ከዚያው ጎረቤት ገበታ ይበላል። የሚመታው እጅና የሚያጎርሰው እጅ አንድ ስለሆነ ቂም አይያዝም። ዛሬ ግን አሶሳ የክልል ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲ አላት። በርታው፣ ከወሎ የመጣው፣ በክልሉ ግጭት የተፈናቀለው፣ በ2015 ዓ.ል የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ድንበር የተሻገረው፣ ሁሉም በአንድ ሠርግ ላይ ሊገናኝ ይችላል። ከጦርነት ያመለጠ ሕፃን በማያውቀው ሰው፣ በማያውቀው ቋንቋ ሲመታ ምን እንደሚሰማው እንገምት። «እንደ ልጄ» የሚለው ቃል የሚያጎርሰው እጅ ከሌለበት ባዶውን ይቀራል።

ወደ ሃይማኖታችን ስንመለስ ለዚህ ጉዳይ በጣም የቀረበ ታሪክ እናገኛለን። በመዲና መስጂድ ሐበሾች በጦር ሲጫወቱ ዑመር (ረ.ዐ.) ገብተው ጠጠር አንስተው ወረወሩባቸው፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲተዋቸው አዘዟቸው። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። እዚያው በሰሒሖቹ እንደምናነበው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የሐበሾቹን ጨዋታ ከነቢዩ ጀርባ ሆና እስክትጠግብ ስታይ እሳቸው ቆመው ጠበቋት። እሷም በዕድሜ ትንሽ የሆነች ልጅ ለጨዋታ ያላትን ጉጉት ሰዎች እንዲያስቡላት አሳስባለች። ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ» በተባለው ኪታባቸው ይህንኑ ሐዲስ ማስረጃ አድርገው፣ ልጅ መስጂድ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ቢጫወት ዝም ማለት እንደሚቻል፣ መስጂዱን የዘወትር መጫወቻ ካደረገው ግን መከልከል እንዳለበት ይገልጻሉ። መስጂድ ውስጥ ይህን ያህል ከታለፈ የሠርግ ሜዳ ላይ ምን ያህል መታለፍ እንዳለበት አንባቢ ይመዝን።

«ሙንከርን ያየ በእጁ ይለውጥ የሚለው ሐዲስስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አል-ገዛሊ ራሳቸው ልጅ አስካሪ መጠጥ ይዞ ሲጠጣ ያየ ሰው መጠጡን የመድፋትና ልጁን የመከልከል ግዴታ እንዳለበት ጽፈዋል፤ ልጁ ገና ኃጢአት የማይጻፍበት ቢሆንም። እዚህ ላይ ግን እጁ የሚያርፈው የት እንደሆነ እናስተውል። መጠጡ ላይ ነው። መለከቱን ከልጁ እጅ ማስለቀቅ፣ ከእሳት ወይም ከመኪና መንገድ ጎትቶ ማውጣት ጥፋቱን መለወጥ ነው፤ ይህን ማንም ሊያደርግ ይችላል፣ ይገባዋልም። በከዘራ እግሩን መምታት ግን ቅጣት ነው። ቅጣት የአሳዳጊ ድርሻ ነው። አሥር ዓመት ስለሞላው ልጅና ስለ ሶላት የመጣው፣ ብዙ ሰው ለዱላ ማስረጃ የሚያደርገው ሐዲስ እንኳ የተነገረው ስለ ገዛ ልጆቻችን ነው፤ ኡለማዎችም ፊት እንዳይመታ፣ ጉዳት እንዳይደርስ ብለው አጥረውታል።

የአገሪቱም ሕግ ከዚህ አይርቅም። በ1987 ዓ.ል የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት አካላዊ ቅጣት እንዳይፈጸምባቸው ይደነግጋል። ወላጅ አምኖ ልጁን የሰጠው መምህር መምታት ካልተፈቀደለት፣ ከልጁ ጎን በአጋጣሚ የቆመ ሰው ከየት አምጥቶ ነው የሚመታው?

ይህን ስል ባዕድ ሰው ዝም ብሎ ይይ ማለቴ አይደለም። ዛሬ በከተሞቻችን የማየው ሌላው በሽታ ይኸው ዝምታ ነው። ልጅ ድንጋይ ሲወረውር እያየን «የራሱ እናትና አባት ይወቁ» ብለን ፊታችንን እናዞራለን። ወላጅ ደግሞ ሁልጊዜ ቅርብ አይገኝም። ኅዳር 29 ቀን 2007 ዓ.ል የብሔር ብሔረሰቦች በዓል አሶሳ ላይ ሲከበር የነበረውን ዓይነት ሕዝብ አስቡት፤ በዚያ መካከል «ለእናቱ ንገር» ማለት ዋጋ የለውም።

በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ የተዘገበውን፣ በሰነዱ ጥንካሬ ላይ ኡለማዎች የተነጋገሩበትን የራፊዕ ኢብን ዐምርን ታሪክ እወደዋለሁ። ልጅ ሳለ የአንሷሮችን የተምር ዛፍ በድንጋይ ይመታ ነበርና ይዘው ነቢዩ ዘንድ አቀረቡት። እሳቸው መጀመሪያ ያደረጉት ለምን እንደሚወረውር መጠየቅ ነው። ለመብላት መሆኑን ሲነግራቸው መወርወሩን ከልክለው የወደቀውን እንዲበላ ፈቀዱለት፤ ራሱን ዳስሰው ዱዓ አደረጉለት። አንሷሮቹ ልጁን ያዙት እንጂ አላለፉትም። ግን ያዙት እንጂ አልደበደቡትም። የባዕድ ሰው ድርሻ እስከዚህ ድረስ ይመስለኛል፦ መያዝ፣ ጎንበስ ብሎ መጠየቅ፣ በሚሰማው ቋንቋ መከልከል፣ ቋንቋው ካልተገኘ የሚያውቅ ሰው መጥራት። ወላጅም በበኩሉ በመልካም ቃል ልጁን የመለሰለትን ሰው «ምን አገባህ» ብሎ ሊሳደብ አይገባውም። ይህን ስድብ የቀመሰ ሰው ሌላ ቀን ልጅ ከመኪና ፊት ሲሮጥም ዝም ይላል።

አንድ ነገር ለድግስ አዘጋጆች ላክል። ልጆች የሚረብሹት ብዙውን ጊዜ ከትላልቆች ጀርባ ቆመው ምንም ስለማይታያቸው ነው። ታናናሾቹን ከፊት መሬት ላይ ማስቀመጥ፣ ከነፊዎቹ ሁለት እርምጃ ርቆ ዝቅ ያለ አጥር ማድረግ፣ አንድ ሁለት ጎረምሳ በኃላፊነት ማቆም ብዙ ወጪ የለውም። አሶሳ ላይ ደግሞ ቀርከሃ አይጠፋም።