ምጽዋት፦ የሚለምነውና የማይለምነው

ጌታ በተራራው ስብከት ምጽዋትን፣ ጸሎትንና ጾምን ተራ በተራ ሲያስተምር ያስቀደመው ምጽዋትን ነው (ማቴ. 6)። እኛ ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጠነዋል። ጾሙን አጥብቀን እንይዛለን፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ወተትና ቅቤ ከማዕዳችን ይርቃል። ሳንበላ የቀረነው ወዴት እንደ ሄደ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ እንጀራን ለተራበ መቁረስን ከጾሙ ጋር ቆጥሮታል። እንጀራው ለድሃ ካልደረሰ ቁጠባ ሆነ እንጂ ጾም አልሆነም።

ከዳንግላ ደጆች እንጀምር። የአብነት ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻውን በዱላው እየመከተ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ቅኔ ፍለጋ ወደ ጎጃም፣ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ የሚዘልቅ ተማሪ ከወላጆቹ ርቆ ነው የሚማረው፤ በሚለምንበት መንደር የማን ልጅ እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። ልብ በሉ፦ ስለ ራሱ ረኃብ አንድ ቃል አልተናገረም። የለመነው በእመቤታችን ስም ነው። እንጀራ ይዛ የወጣችው እናትም የሰጠችው ለዚያው ስም ነውና ልጁ ባለዕዳዋ አይሆንም። ሥርዓቱ ሰጪዋን ከትዕቢት፣ ተቀባዩን ከውርደት ይጠብቃል። (ስንዴ ሲያድሉ ተረጂውን አቁመው ፎቶ የሚያስነሡ ሰዎች ከዚህ ተማሪ ቢማሩ መልካም ነበር።)

የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ የበላዔ ሰብእን ታሪክ እንሰማለን፤ 78 ነፍስ ያጠፋው ሰው ለተጠማ ድሃ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጥቶ ምሕረት አገኘ። ይህን ሰምቶ «እንግዲያ ለእኔም ጥርኝ ውኃ ይበቃኛል» የሚል አይጠፋም። አልገባውም። ውኃው የኃጢአት ዋጋ ሆኖ አልተከፈለም፤ የደነደነ ልብ የራራበት ነው፣ ምሕረቱም በቃል ኪዳኗ የመጣ ነው። ዘኬዎስንም ተመልከቱ (ሉቃ. 19)። የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች ሲሰጥ፣ የቀማውን ደግሞ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል። በነሐሴ ለቸገረው ጎረቤቱ እህል በአራጣ አበድሮ በጥር ዝክር የሚደግስ ሰው ከዘኬዎስ የወሰደው ግማሹን ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የማይለምነው ችግረኛ ነው። ነሐሴ ላይ ጎተራው ተሟጧል፣ ዳጉሳውም ገና ማሳ ላይ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት የዕድሯን መዋጮ ትከፍላለች፤ የማኅበሩ ጽዋ ተራዋ ሲደርስም ተበድራ ትደግሳለች፤ «የለኝም» ማለት ሞት ነዋ! እንዲህ ያለችው ደጃችን አትመጣም፤ እኛ ነን ወደ ደጇ የምንሄደው። ቀኝ የምታደርገውን ግራ አትወቅ የተባለውም ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለእርሷ ነው። ዱቄቱን ሲመሽ ልጅ ይዞላት ይሂድ። የማኅበሩ ሰዎችም ምክንያት ፈልገው፣ ስሟን ሳያነሡ፣ ተራዋን ወደ ጥር ያሸጋግሩላት።

«ለሰነፍ መስጠትስ?» ትሉኝ ይሆናል፤ ሁልጊዜ የሚነሣ ጥያቄ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሊሠራ የማይወድ አይብላ ብሎ የጻፈው እየቻለ እምቢ ላለው ነው። መሬት እያላት በሬ የሌላት ሴት ሰነፍ አይደለችም፤ እርሷን የሚረዳት ከእንጀራው ይልቅ እርሻው ነው። ጥማድ ያለው ሰው በሰኔ አንድ ቀን ይረስላት። ወንፈል ነው ብሎ ግን ብድሩን እንዳይጠብቅ፤ ብድር መመለስ የማይችሉትን መርጣችሁ ጥሩ ብሎ ያዘዘ ራሱ ጌታ ነው (ሉቃ. 14)።