ከደሞዙ በፊት ሰፈሩን ጠይቂ

ሚጡዬ፣ እስቲ ስልኩን ወደ እኔ ዘንበል አድርጊው። አሁንም የኪራይ ማስታወቂያ ነው? ከኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ተመርቀሽ ሳትውዪ ሳታድሪ አንዱ ከአዲስ አበባ፣ አንዱ ከድሬዳዋ ሲጠሩሽ ደስታዬን አልችለውም። ግን የምታነጻጽሪው ደሞዙንና የክፍሉን ስፋት ብቻ ነው። ሁለቱም ከተማ ተከራይቼ ኖሬያለሁ፤ እኔን ስሚኝ።

አዲስ አበባን በጅማ ልክ አታስቢያት። እዚህ ባጃጅ ይዘሽ የጅማ መርካቶ ገብተሽ፣ ጉዳይሽን ጨርሰሽ፣ ቡናው ሦስተኛው ላይ ሳይደርስ ትመለሻለሽ። እዚያ ግን ሥራሽ ፒያሳ ሆኖ ርካሽ ነው ብለሽ ኮዬ ፈጬ ከተከራየሽ ጎህ ሳይቀድ ወጥተሽ ከመሸ ትገቢያለሽ። ጎረቤትሽን የምታገኚው ደረጃ ላይ ስትተላለፉ ነው። ኮንዶሚኒየሙን እያጣጣልኩ አይደለም፤ ዕድር አቋቁመው፣ ሐዘንና ደስታ ተካፍለው የሚኖሩባቸው ሕንፃዎች አሉ። ለማደር ብቻ የምትመጣ ተከራይ ግን ማን ያውቃታል? ብትታመሚ በርሽን የሚያንኳኳው ማነው? እማዬ «ዘመድ ያለው አዲስ አበባ ነው» ትላለች። አያት ያለ ዘመድ ጀሞ ለምትኖር ልጅ የበዓል ዘመድ ነው።

ስለዚህ አዲስ አበባን ከመረጥሽ ክፍሉ ቢጠብም ለሥራሽ የሚቀርበውን ያዢ። ካልሆነም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚመላለሰው ባቡር አጠገብ ፈልጊ፤ ይጨናነቃል፣ ግን የመኪናው መዘጋጋት አይነካውም። ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ቤት ከሆነ አከራዮቹ ማታ በር የሚዘጉበትን ሰዓት መጀመሪያ ጠይቂ። ፎቅ ከሆነ ውኃው ላይ ድረስ ይወጣ እንደሆነ፣ ፈረቃው በስንት ቀን እንደሆነ፣ ሮቶ እንዳለው። ቆጣሪውን ከስንት ሰው ጋር እንደምትጋሪም አትርሺ።

አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ለደላላው ሳይሆን ለባለሱቁ የምታቀርቢው፦ «ይህ መንደር ልማት ይነካዋል?» ፒያሳ በ2016 ዓ.ም.፣ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርሱ አይተናል። ከካዛንቺስ ወደ ገላን ጉራ የተዛወረው ሰው ቤት አግኝቷል። ለስንት ዓመት በዱቤ ስኳር ሲሰጥ የኖረው ሱቅ፣ ልጅ ታቅፋ የምታቆይልሽ ጎረቤት ግን በጭነት መኪና አይሄዱም። ይህ እኔን ያሳዝነኛል። አንቺም ሰፈር ለምደሽ እንደገና እንድትነቀዪ አልፈልግም።

ድሬ ሌላ ናት። በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ የደቻቱ ወንዝ ለሁለት የከፈላት ከተማ። በአንድ በኩል ከዚራ፣ ቀጥ ቀጥ ያለ መንገዱ ዛፍ የለበሰ፤ ማዶ መጋላ፣ ገበያውና ጫጫታው። ሰፈሩን ለመገመት በቀትር አትሂጂ፤ ሱቁ ተዘግቶ፣ ሰዉ በርጫ ላይ ወይም እንቅልፍ ላይ ነው፣ ሞታለች ብለሽ ትመለሻለሽ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሂጂ። ያኔ ወንበር ደጅ ይወጣል፣ ልጆች ይራወጣሉ፣ አላፊው ሁሉ ሰላም ይላል። ሽማግሌውንም «አንተ» ይሉታል፤ ንቀት መስሎሽ እንዳትቆጪ፣ ቅርበት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ስምሽን፣ የመጣሽበትን አገርና የታመመችውን አክስትሽን ያውቃሉ። አንዳንዴ ይሰለቻል። ለብቻዋ ለምትኖር ልጅ ግን ከዘበኛ ይበልጣል።

ሙቀቱን አልደብቅሽም። በጅማ ዝናብ ላደገች ልጅ የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ናቸው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት በነጻም ቢሰጡሽ አትግቢ። ደቻቱ በበጋ አሸዋ ብቻ ስለሆነ ዳርቻው ደህና ይመስላል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ከወንዙ ራቅ በይ። ውኃ ስለሚቆራረጥ በርሜል መያዝሽ አይቀርም፤ ሁልጊዜ ክደኚው። በ2011 ዓ.ም. ቺኩንጉንያ ከተማውን ሲያዳርስ ያስተላለፈችው ትንኝ የምትራባው እንዲህ ባለ ውኃ ውስጥ ነው። ቀን ነው የምትነክሰው፤ አጎበር ብቻውን አያድንሽም።

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ለመጀመሪያ ሥራሽ ድሬን እመርጥልሻለሁ። የጠራሽ ፋብሪካ ነጻ የንግድ ቀጠናው ውስጥ ስለሆነ ሳቢያን ተከራዪና በሠራተኛ ሰርቪስ ተመላለሺ። በዚያ መሥሪያ ቤት ብዙ ነገር ታያለሽ፣ ማታ ደግሞ የሚጠብቅሽ ሰው አለ። አዲስ አበባ ልምድ ይዘሽ ስትሄጂ የተሻለ ደሞዝ ትጠይቂያለሽ፤ ያኔ ለሥራሽ የሚቀርብ ሰፈር የመምረጥ አቅም ይኖርሻል።

አዲስ አበባ ካልሽም አልቀየምሽም። ብቻ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላልና የስድስት ወር አምጪ የሚልሽን ደላላ አትስሚ። ውሉን በጽሑፍ አድርጊና አስመዝግቢ።

አሁን ያንን የሳቢያኑን ቤት መልሺልኝ፣ ያለፍሽውን። ደውዪና ኮርኒስ እንዳለው ጠይቂልኝ።